የአስታማሚ ቀለብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን እንድናገር የጠየቁኝ ስለ ሒሳብ አያያዝ ነበር። ስለ ደረሰኝና ስለ መዝገብ ግን በየወሩ ስለምነዘንዛችሁ ዛሬ ሌላ ዓይነት ሒሳብ ይዤ መጥቻለሁ። በሽተኛ ይዛ ባሕር ማዶ የምትሄድ ሴት ምን ትበላለች? ምን ትገዛለች? ገንዘቡስ በየት በኩል ያልቃል? ማኅበራችን ለሕንድ ሕክምና መዋጮ ሲያወጣ የሚሰላው ሁልጊዜ የኦፕሬሽኑ ዋጋና የአውሮፕላኑ ቲኬት ነው። አስታማሚዋ በየቀኑ ገበያ እንደምትወጣ የሚያስታውስ የለም።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እንደ አገሩ ልማድ እንጥሏን አስቆረጧት፤ በዚያው ተረሳ። በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን ቫልቭ እንደሚጎዳ ማናችንም አናውቅም ነበር። በ26 ዓመቷ ውሃ ቀድታ ዳገቱን መውጣት አቃታት፤ ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ታድር ጀመር። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተላክን። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ግቢ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተ፣ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተ የልብ ማዕከል አለ፤ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል። ግን ደጁን የሚጠብቀው የመላ አገሩ ሕዝብ ነው። እሷ ደግሞ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። ወደ ሕንድ፣ ባንጋሎር ወደምትባል ከተማ እንድንሄድ ተወሰነ። ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ወንድማችን ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ፣ ለዚያ ዓመት እርሻ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቷል። አጎቶቻችን "አገር ያየ ወንድ ይሂድ" አሉ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ "ደረቷ ተከፍቶ ስትወጣ ገላዋን ማን ያጥባታል?" ዝም ተባለ። እናታችን "እሷው ትሂድ" አለች፤ በዚያው አለቀ። የሕንድ የሕክምና ቪዛ ከበሽተኛው ጋር እስከ ሁለት የቅርብ ዘመድ በአጃቢነት ያስገባል። የእኛ ገንዘብ ግን ለአንድ ብቻ ነበር።

ስለ ጉዞ ወረቀቱ አላሰለቻችሁም። አንዱን ግን ያዙልኝ፤ ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ካርድ የሌለውን ወይም ቀኑ ያልሞላለትን ለብቻ አግልለው ያቆዩታል። በበሽተኛው ብቻ ሳይሆን በአስታማሚውም ላይ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የሆስፒታሉ የዋጋ ግምት ሲላክልን ቁጥሩ የተጻፈው 4,50,000 ሩፒ ተብሎ ነበር። አጎቴ ነጠላ ሰረዙን አይተው "አራት ሚሊዮን ተኩል ነው!" ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሕንዶች መቶ ሺሕን "ላክ" ይሉታል፤ ሰረዙንም በላክ ቤት ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ 4,50,000 ማለት አራት ላክ ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር 450,000 ነው። መቶ ላክ ደግሞ "ክሮር" ይባላል፤ አሥር ሚሊዮን መሆኑ ነው። ሰረዙን ትታችሁ አኃዞቹን ብቻ ከቀኝ ወደ ግራ ቁጠሩ።

ሁለተኛው ነገር "ፓኬጅ" የሚሉት ነው። ሆስፒታሉ ለኦፕሬሽኑና ለተወሰኑ የመኝታ ቀናት አንድ ዋጋ ይቆርጣል። በሽተኛዋ ከዚያ ቀን ካለፈች ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከታሰበው በላይ ከቆየች ተጨማሪው ለብቻው ይታሰባል። ስለዚህ "ስንት ነው?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። "ስንት ቀን ይይዛል? ምን ምን አይጨምርም?" በሉና በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ገንዘቡን ገና ከቤት ሳንወጣ በሁለት ፖስታ ከፍዬዋለሁ፤ አንዱ የሆስፒታል፣ ሌላው የቀለብ። የቀለቡ ፖስታ ለሆስፒታል አይበደርም፤ የሆስፒታሉም ለቀለብ። ሐኪሞቹ ሦስት ሳምንት ብለውን ነበር፤ 38 ቀን ቆየን። ሆስፒታሉ ለተጨመሩት ቀናት የሚያስፈልገንን ሕክምና ሰጥቷል፤ ምሳና እራት ግን የእኔ ፋንታ ነበር። ያ ፖስታ ባይኖር እህቴ ቁስሏ ሳይደርቅ ልንመለስ ነበር።

ያረፍነው ለበሽተኛና ለአስታማሚ የሚከራይ ማብሰያ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ከየመን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከናይጄሪያ የመጡ ሴቶችም ነበሩበት። ቋንቋ አንግባባም፤ ግን ሁላችንም ጠዋት ዘንቢል ይዘን ወጥተን፣ ቀትር ላይ ምሳ ይዘን ሆስፒታሉ በር ላይ እንገናኛለን።

በመጀመሪያው ቀን ሱቅ ገብቼ እንደ ፍኖተ ሰላም ገበያ "ቀንስ!" ልል ስል ባለሱቁ የዱቄቱን ከረጢት ገልብጦ የታተመ ቁጥር አሳየኝ። በሕንድ አገር በታሸገ ዕቃ ሁሉ ላይ ኤም.አር.ፒ. የሚል ምልክትና ዋጋ ይታተማል፤ ቀረጡ ተጨምሮ ዕቃው ሊሸጥበት የሚችለው የመጨረሻው ከፍተኛ ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ ማስከፈል በሕግ ክልክል ነው፤ ከዚያ በታች መሸጥ ግን ይቻላል። መድኃኒትም እንዲሁ በልጣጩ ላይ ዋጋው አለ። አንዳንድ ፋርማሲ ከታተመው ዋጋ ይቀንሳል፤ ስትጠይቁ ነው እንጂ በራሱ አይነግራችሁም። በመንገድ ዳር የሚሸጠው ቲማቲምና ሽንኩርት ግን ዋጋ አይታተምበትም፤ እዚያ የጎጃም ምላሳችሁን ተጠቀሙበት። እኔ የምናገረው በጣትና በስልኬ ካልኩሌተር ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ሩፒ ከግማሽ ብር ያንስ ነበር፤ ስለዚህ በልቤ ዋጋውን ለሁለት እየከፈልሁ እገዛ ነበር። ይህን ግን ለዛሬ አትያዙት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ሩፒ ከአንድ ብር በልጧል። እኔ በሄድሁበት ጊዜ የነበረውን ዋጋ ሰምታችሁ የዛሬን መዋጮ ካሰላችሁ ሰዉን መንገድ ላይ ትጥሉታላችሁ።

እህቴ ከኦፕሬሽን በኋላ አፏ ምግብ አልቀበል አለ። ሩዙን ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች። በአራተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ቡናማ ዱቄት አየሁ፤ "ራጊ" ይሉታል። ቆንጥሬ ቀመስሁት። ዳጉሳ ነው! የእኛው ዳጉሳ። ሊቃውንቱ ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ እንደተሻገረ ይናገራሉ። ባንጋሎር ባለችበት በካርናታካ ግዛት የገጠሩ ሰው እንደ ገንፎ አድቦልቡሎ በወጥ ይበላዋል። እኔ ከስንዴ ዱቄት ጋር ለውሼ ሦስት ቀን አቦካሁና፣ ባለቤቲቱ ለዶሳ በምትጠቀምበት ምጣድ ጋገርሁት። ዓይኑ አላማረም። እህቴ ግን አንዱን ጨርሳ "እታለም፣ ሌላ አለ?" አለችኝ። ለዚህች ቃል ነው ባሕር የተሻገርሁት።

ቅመሙ ሁሉ እዚያ ሞልቷል፤ ስሙ ነው የተለየው። ሜቲ የሚሉት አብሽ ነው፤ አጅዋይን ነጭ አዝሙድ፣ ካሎንጂ ጥቁር አዝሙድ፣ ሃልዲ እርድ ነው። ምስርና ሽምብራ በያይነቱ ተከክቶ ይሸጣል። ከቤት መያዝ ያለባችሁ በርበሬ ነው፤ የጃቢ ጠህናንን በርበሬ የሚተካ አላገኘሁም። ሽሮም ያዙ። ለልብ በሽተኛ ጨው ስለሚቀነስ በርበሬውም ሽሮውም ጨው ሳይገባበት ይዘጋጅ።

ዐቢይ ጾም እዚያው ሳለን ገባ። እህቴ በሕመሟ ምክንያት ከንስሐ አባቷ ፈቃድ ነበራት፤ እኔ ግን ጾምሁ። ለምትጾሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሕንድ በታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለውም ማለት ነው፤ ቡናማ ምልክት ካለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል አለበት። አረንጓዴው ግን የእኛ የጾም ምልክት አይደለም። እነሱ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ከሥጋ አይቆጥሩም። ብዙ ያገራችን ሰው አረንጓዴውን አይቶ በቅቤ የተለቀለቀ ዳቦ ይበላል። ቅቤውን "ጊ" ይሉታል፤ ይህችን ቃል አጥኑና "ያለ ጊ" በሉ።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ከኦፕሬሽኑ በፊት ሐኪሙ ምርጫ ሰጣት። ከብረትና ከመሳሰለው የሚሠራው ቫልቭ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ ግን ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ዕድሜ ልክ ያስውጣል፤ ኪኒኑም ለጽንስ አደገኛ ነው። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ደግሞ ዕድሜ ልክ ኪኒን ላያስፈልገው ይችላል፤ ግን በወጣት ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ያረጃል፣ ኦፕሬሽኑም ይደገማል። አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። አጎቴ በስልክ "አንቺ ወስኚላት" አሉኝ። እኔ ግን ሁለቱን እንደተነገረኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋት። ሌሊቱን አስባ አደረች። ጠዋት "አንድ ልጅ አለኝ፤ እሱን ላሳድግ። ሁለተኛ የሚሸጥ በሬ የለንም" ብላ የመጀመሪያውን መረጠች። አጃቢ የሆናችሁ ሁሉ፣ ቋንቋው የእናንተ ቢሆንም አካሉ የእሷ ነው።

ዋርፋሪን ደግሞ ከገበያ ጋር የተያያዘ መድኃኒት ነው። ጎመንና የመሳሰለው ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። የምግብ ባለሙያዋ "ጎመን ተዪ" አላለችም፤ "በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ብዪ" ነው ያለችው። እዚያ ስፒናች በእስር ስገዛ መጠኑን በደብተር እጽፍ ነበር። ወደ አገር ስንመለስ ነገሩ በረታ። በእኛ አገር ጎመን ወቅት አለው፤ ጾም ሲገባ ይበዛል፣ ፍስክ ሲሆን ይቀንሳል። ስለዚህ ጾም ሲገባም ሲፈታም የደም ምርመራዋን ታደርጋለች፤ አይ.ኤን.አር. ይባላል። ለዚህ ከቡሬ ባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ኪኒኑ ቢያንስ የሁለት ወር በእጇ አለ። ለወገብ ሕመም ከሱቅ የሚገዛ ዲክሎፌናክ ለእሷ ክልክል ነው፤ ከዋርፋሪን ጋር ሆድ ውስጥ ሊያደማ ይችላል። ይህን ለጎረቤቶቿም ነግሬያለሁ፤ ኪኒን መዋዋስ እንደ እሳት መጫጫር ነውና በሰፈራችን።

የተመለስነው በየካቲት መጨረሻ ነው። ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ኮሮና መጣና በረራው ሁሉ ተስተጓጎለ። እዚያው ቀርተን ቢሆን ኖሮ የቀለቡ ፖስታ ስንት ቀን ይይዘን ነበር እያልሁ አሁንም አሰላለሁ።

ለዚህ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ከእንግዲህ ለሕክምና መዋጮ ስናወጣ መዝገቡ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ሕክምና፣ የአስታማሚ ቀለብ፣ ከመልስ በኋላ። የቀለቡ ገንዘብ ለአስታማሚዋ በእጇ፣ በፊርማ ይሰጣት፤ ሐኪም ከነገራት ጊዜ በእጥፍ ይሰላ። ሦስተኛው ዓምድ ቢያንስ የአንድ ዓመት ምርመራና መድኃኒት ይያዝለት። ከሐኪሙ ቤት ከተመለሱ በኋላ ያለው ወጪ እልልታ የለውም፣ ጠያቂም የለውም። ሂሳቡን በቃል መቀበል የማትፈልጉ ደብተሬን አምጥቻለሁ፤ ዋጋው አርጅቷል፣ ዝርዝሩ ግን ያው ነው። ገንዘብ ያዣችን አራት ኮፒ አስነሥተዋል። የዳጉሳውን አቦካክ የምትጠይቁኝ ከቡናው በኋላ ጓሮ በኩል አለሁ።