ማርሽ አልገባም ያለች ዕለት

(አንዲት አባላችን በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)

ሊቀ መንበራችን «ስለ መኪናሽ ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኜ አዳማ የማመላልስ ነጋዴ ነኝ። ግን ፒካፗ የተገዛችው በማኅበራችን ብድር ነው። ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ ሦስት እህቶችም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ እኔ የወር ክፍያ ባጎድል የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

ያን ዕለት ከመቂ ተነስቼ ዓለም ጤና ስደርስ መሽቷል። ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። ተመልሼ ሞተሩን አስነስቼ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ ማርሽ ላስገባ ብል እምቢ አለ። ሁለተኛም እምቢ። የኋላ ማርሽ ስሞክርማ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ አደረገ። ፔዳሉም እንደ ወትሮው እግሬን አይገፋም፤ ልፍስፍስ ብሎ ወለሉ ላይ ይቀራል። ከኋላ 30 ሳጥን የበሰለ ቲማቲም ጭኛለሁ። ሳወጣና ሳስገባ፣ ስታገል ላብ አጠመቀኝ።

አንድ በዕድሜ የገፉ የከባድ መኪና ሹፌር ሻያቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ መታገሉን ተይና ሞተሩን አጥፍተሽ ሞክሪ» አሉኝ። አጠፋሁት። አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ፣ የኋላውም ያለ ድምፅ ገባ። «በይ እንግዲህ፣ ካምቢዮሽ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የታመመው ፍሪሲዮኑ ነው» አሉ።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። የፍሪሲዮን ሥራ ሞተሩንና ካምቢዮውን ማላቀቅ ነው። ስንረግጠው ሁለቱ ይለያያሉ፤ ማርሹም ያኔ ይገባል። ካልተለያዩ ሞተሩ ካምቢዮውን እያሽከረከረው ስለሚቆይ ማርሹ መግቢያ አያገኝም። ስፌት የምትሠሩ እህቶች ታውቁታላችሁ፤ መኪናው እየሰፋ ክር በመርፌው ላስገባ እንደማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ካልገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ የማርሽ ዘንጉን፣ ገመዱን፣ ወይም ራሱን ካምቢዮውን መጠርጠር ነው።

ኮፈኑን ከፈትን። እንደ እኔዋ ሃይሉክስ ያሉ መኪናዎች ፍሪሲዮናቸው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ ይገፋል፣ ዘይቱ በቧንቧ ወርዶ የታችኛውን ፖምፓ ይገፋል፣ እሱ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። የፍሪሲዮኑ ዘይት ማስቀመጫ ከፍሬኑ ማስቀመጫ አጠገብ ያለችው ትንሿ ናት። የእኔዋ ባዶ ነበረች! ለካ ስንት ቀን ሲያልቅ ከርሞ ኖሯል፤ እኔ የሞተር ዘይት ብቻ ነበር የማየው።

ጋሼ ከመኪናቸው የፍሬን ዘይት አምጥተው ሞሉልኝ። አዎ፣ ለፍሪሲዮንም የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው። የቸገረው ሰው የሞተር ዘይት ሲጨምር አይቻለሁ፤ እንዳታደርጉት። ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ቆጥሬ ባላውቅም ሃያ ጊዜ ይሆናል። ትንሽ ጠነከረና ማርሹ ገባ። በቆምኩ ቁጥር እንደገና መርገጥ ነበረብኝ። አሁን ሳስበው በዚያ ጨለማ ጭነት ይዤ መሄዴ ድፍረት ነበር፤ ልጆቼ እንዲህ ቢያደርጉ እቆጣለሁ። ብቻ አዳማ እኩለ ሌሊት ላይ ገባሁ፣ ቲማቲሙም ጠዋት ተሸጠ።

በነጋታው ጋራዥ ወሰድኳት። አንድ ወጣት ማርሹን አንዴ ነካክቶ «እትዬ፣ ካምቢዮው ይወርዳል» አለኝ። አምስት ቀን፣ 45 ሺህ ብር። የማኅበሩ ክፍያ የሚደርሰው በዚያው ሳምንት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አልቅሼ እሺ እል ነበር። ያን ዕለት ግን «ልጄ፣ ካምቢዮው ከሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ለምን ይገባል? ዘይቱስ የት ሄደ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ፣ እውነቱን ልናገርለትና፣ ሳይቆጣ ከሥር ገባ። የታችኛውን ፖምፓ የጎማ መሸፈኛ ገለጥ ሲያደርገው ዘይቱ ጠብ ጠብ አለ።

ጎሚኒው አልቆ ነበር። አዲስ ተቀየረለት፤ ከዚያ አየሩን ማስወጣት ነው። አየር በቧንቧው ውስጥ ከቀረ ፔዳሉ እሱን ይጨምቃል እንጂ ዘይቱን አይገፋም። እኔ ላይ ተቀምጬ እረግጣለሁ፣ እሱ ከሥር «ያዢ!» ይላል፣ ማስወጫዋን ፈታ ያደርጋል፣ ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል፣ ይዘጋታል፣ «ልቀቂ!» ይላል። ሳይዘጋ ከለቀቅሽ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ከላይ ያለችው ማስቀመጫ እንዳትጎድል እየሞላን፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ቀጠልን። ከ3 ሺህ ብር ያነሰ ከፍዬ ከሰዓት በኋላ ወጣሁ።

ጋራዥ ሁሉ ይዋሻል አላልኩም። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ፣ ፔዳሉ ጠንክሮ፣ የሚያፈስም ነገር ሳይኖር ማርሹ እምቢ ካለ ችግሩ ዲስኩ ወይም የዲስኩ መጫኛ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ማርሹ ገብቶ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ አልቆ ይሆናል፤ የሚቃጠል ሽታም ይኖረዋል።

ቪትስ አውቶማቲክ የሚነዱ ልጆች ያሏችሁ፣ ማርሹ ከማቆሚያው አልንቀሳቀስ ካለ መጀመሪያ ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት መብራቱን እዩ። ካልበራ ከፔዳሉ በላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ወይም ፊውዝ ተበላሽታ ይሆናል፤ ፍሬን መረገጡን ካላወቀ ማርሹን አይለቅም።

ፒካፗ ደጅ ቆማለች። ቡናው እስኪደርስ ኮፈኑን ልክፈትላችሁና ትንሿን ማስቀመጫ በዓይናችሁ እዩአት። ቀሚሳችሁን ብቻ ጠብቁ።