ያልተሰፈረው ቁና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመንዝ ደጋ የራሱንና የጎረቤቶቹን ገብስ በአንድ ጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ ይታሰብ። አንድ እንግዳ አንድ ቁና ገብስ ያስረክብና ጥቂት ቆይቶ «ያስቀመጥሁት 64 ቁና ነውና ይመለስልኝ» ይላል። ባለጎተራው አስቀድሞ የተረከበውን ስላልሰፈረ፣ የተባለውን አምኖ 64 ቁና ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ 63ቱ የሌላ ሰው ሀብት ነው። መንዜ ገበሬ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። በዓለም እጅግ ከታመኑት የምስጠራ ሶፍትዌሮች አንዱ ግን ሁለት ዓመት ያህል ሲሠራው ቆይቷል።

ሶፍትዌሩ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ይባላል። ተግባሩም በኮምፒዩተሮች መካከል የሚተላለፈው መልእክት በሌላ ሰው እንዳይነበብ መሰወር ነው። መጋቢት 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በወጣው እትሙ «የልብ ምት» የሚባል አነስተኛ አገልግሎት ተጨመረ። ግንኙነቱ አለመቋረጡን ለማረጋገጥ አንዱ ኮምፒዩተር አጭር ቃል ከነርዝመቱ ይልካል፤ ሌላውም ያንኑ ቃል ይመልሳል። ጉድለቱ የተነገረው ርዝመት በእርግጥ ከተላከው ቃል ጋር አለመመሳከሩ ነበር። ጥቂት ፊደላት ልኮ «64 ኪሎ ባይት ነው» ላለ ጠያቂ፣ የጎደለው ከኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ እየተሞላ ይሰጠው ነበር። በዚያም የይለፍ ቃል፣ የደንበኞች ምስጢር፣ አልፎ ተርፎም የምስጠራው ቁልፍ ራሱ ሊገኝ ይችላል። እህል ሲወሰድ ጎተራው ይጎድላል፤ መረጃ ግን ተወስዶም ባለበት ስለሚቀር ባለቤቱ መሰረቁን አያውቅም። ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ሲ የተባለው ቋንቋም የማኅደረ ትውስታን ወሰን የመጠበቁን ኀላፊነት ለጸሐፊው ጥንቃቄ የሚተው ነው።

ጉድለቱን የጉግል ተመራማሪና ኮዴኖሚኮን የተባለ የፊንላንድ ኩባንያ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር ደረሱበት። መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. «ሃርትብሊድ»፣ ማለትም የልብ መድማት፣ በሚል ስም ለዓለም ተገለጠ። በዚያን ጊዜ በተደረገው ግምት ግማሽ ሚሊዮን ያህል የድረ ገጽ አገልጋዮች ለአደጋ ተጋልጠው ነበር። ከካናዳ የግብር መሥሪያ ቤት የ900 ያህል ሰዎች መለያ ቁጥር ተወሰደ።

ጥፋቱን ስሕተቱን በጻፈውና በመረመረው ባለሙያ ላይ ብቻ መጣል ዋናውን ጉዳይ መሸፈን ይሆናል። ታላላቅ ኩባንያዎች በነጻ የሚገለገሉበት ይህ የጋራ ሀብት በዓመት የሚያገኘው የልገሳ ገንዘብ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን ለሥራው የሰጠውም ሰው አንድ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ጠባቂ ግን አልነበረውም።

በዚህ ረገድ መንዝ የሚያስተምረው ሌላ ነገር አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የጓሳ ምድር የአስቦና የጌራ ወገኖች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል። በመረጧቸው አለቆች ትእዛዝ ምድሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨድ ነበር፤ ሕጉን የጣሰም ይቀጣ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ሲፈርስ የጋራው ምድር ተጎዳ። ኋላም ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። የዓለም ኩባንያዎችም ለእንደ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ላሉ የጋራ ሥራዎች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት በ2006 ዓ.ም. ከደረሰው ጉዳት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያም ዛሬ ደመወዝ፣ ግብርና የገበያ ሂሳብ በእጅ ስልክ ይከፈላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። አዋጁ በሥራ እንዲተረጎም ግን ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ሊፈጽም ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚገለገልባቸውን የውጭ ሶፍትዌሮች ከነእትማቸው ይመዝግብ፤ ማስተካከያ በወጣ ጊዜ ሳይዘገይ ያስገባ፤ ከጋራው ሀብት የሚጠቀም ተቋምም ለጥበቃው በገንዘብ ወይም በባለሙያ ጊዜ ድርሻውን ያዋጣ።

የጓሳን ሣር ያጭድ የነበረ ሰው በጥበቃው ተራ የመሰለፍ ግዴታ እንዳለበት ያውቅ ነበር። በጋራ ጎተራ እህሉን ያስቀመጠም ቁናው ሲሰፈር ቆሞ ማየት ይገባዋል።