የተሸጠው ፋብሪካና ያልተሸጠው ቤት፦ ሐረር በገበያ ሥርዓት ለውጥ ውስጥ

የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል ይዞታ ማዛወር፣ በተለምዶ ፕራይቬታይዜሽን የሚባለው፣ መንግሥት ያቋቋመውን ወይም የወረሰውን የንግድና የኢንዱስትሪ ተቋም በጨረታ፣ በአክሲዮን ወይም በሽርክና ለግል ባለሀብት የሚያስተላልፍበት አሠራር ነው። ስለዚህ አሠራር በኢትዮጵያ ሲደረግ የቆየው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ከመንግሥትና ከነጋዴ ማን የተሻለ ያስተዳድራል በሚለው ላይ ነው። በሐኪም ጋራ ግርጌ፣ በጁገል ግንብ ውስጥና ዙሪያ የተመሠረተችው የሐረር ከተማ ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ይኸውም ባለቤትነት በተለወጠ ቁጥር የአካባቢው ሕዝብ በውሳኔውና በጥቅሙ ውስጥ ምን ድርሻ ነበረው የሚለው ነው። የዚህ ዲስኩር ፍሬ ሐሳብ፣ የገበያው ሥርዓት ያወረሰን ዋና ነገር የተሸጠው ንብረት ብዛት ሳይሆን በተሸጠውና ባልተሸጠው መካከል የተሰመረው ወጣ ገባ ድንበር ነው የሚል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውርሱ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን፣ ትልልቅ ፋብሪካዎችን፣ የገጠር መሬትን፣ በመጨረሻም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአንድ ዓመት ውስጥ የመንግሥት አደረገ። በሐረር ዙሪያ ይህ እርምጃ ሁለት ፊት ነበረው፤ በከተማዋ ነዋሪ በሆኑ የሐረሪ ባለርስቶች መሬት ላይ ያርስ የነበረውን የኦሮሞ ጭሰኛ ከባለርስቱ ጥገኝነት ሲያላቅቅ፣ ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦችን ደግሞ ከዋነኛ የገቢ ምንጫቸው ነጥሎ ወደ ንግድና ወደ ስደት ገፋቸው። ሐረር ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በዚሁ ሥርዓት ዘመን፣ በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከግለሰብ የተወረሰ ሳይሆን መንግሥት ራሱ የተከለው ተቋም ነበር። በእስልምና ታሪክ ትልቅ ስፍራ ባላት ከተማ የቢራ ፋብሪካ እንዲቆም የወሰነው ማዕከላዊው መንግሥት ነበር፤ ፋብሪካው ግን ውሎ አድሮ ጥቁሩን ቢራ በሐኪም ጋራ ስም «ሐኪም ስታውት» ብሎ፣ አልኮል አልባውን የብቅል መጠጥ ደግሞ «ሐረር ሶፊ» ብሎ ለገበያ በማቅረብና በስሙ የእግር ኳስ ቡድን በማቋቋም ከአካባቢው ጋር ተላመደ።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አገሪቱ ከዓለም ባንክና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማምታ የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ተቀበለች። ይህ ፕሮግራም መንግሥት ድጎማን እንዲቀንስ፣ ዋጋንና ንግድን ከቁጥጥር እንዲለቅ፣ ድርጅቶቹንም እንዲሸጥ በመጠየቅ ብድርና እርዳታን ከእነዚህ እርምጃዎች ጋር የሚያያይዝ ነው። በዚሁ መሠረት በ1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለአንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ዝቅ ተደረገ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ሽያጩን የሚያስፈጽም ኤጀንሲ በአዋጅ ተቋቋመ። ሐረር ቢራ እስኪሸጥ ድረስ ግን ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በ2003 ዓ.ም. የኔዘርላንዱ ሃይነከን ሐረርን በ78 ሚሊዮን፣ በደሌን በ85 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ገዛ።

ሽያጩ ካፒታል፣ ቴክኖሎጂና የገበያ ትስስር ማምጣቱ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ድርጅቱ የፌዴራል መንግሥት ንብረት ስለነበረ የሽያጩ ገንዘብ የገባው ለዚያው ሲሆን፣ የገዢው ትልቅ አዲስ ፋብሪካም የተገነባው በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ነው። ውድድርን በሚመለከትም የቢራው ዘርፍ የሚያስተምረው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን፣ ሌላው የውጭ ኩባንያ ዲያጂዮ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን ሜታ አቦን ከአሥር ዓመት በኋላ ከእሱ ተረክቧል። ውድድርን ያመጣል የተባለው ሽያጭ በዚህ መንገድ ሁለት የቀድሞ የመንግሥት ፋብሪካዎችን በአንድ የውጭ ባለቤት እጅ አሰባስቧል። በአንጻሩ ለቢራ ፋብሪካዎች ብቅል የሚያቀርበው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የተላለፈው ለኦሮሚያ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ፌዴሬሽን በመሆኑ፣ ከመንግሥትና ከውጭ ኩባንያ ሌላ ሦስተኛ ባለቤት ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

ከፋብሪካው ይልቅ የሐረርን ዙሪያ በጥልቀት የለወጠው የንግዱ ነፃ መሆን ነው። በደርግ ጊዜ ቡናን መንግሥት በተመነው ዋጋ ይሰበስብ የነበረው አሠራር ሲፈርስ የግል ላኪዎች ወደ ገበያው ገቡ፤ ነገር ግን ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 በመፍረሱ የዋጋው መዋዠቅ በቀጥታ በገበሬው ላይ ወደቀ። የሐረርጌ ገበሬ በዓመት አንዴ ከሚለቀመውና ዋጋው ከማይታመነው ቡና ይልቅ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቆረጠውንና ከአወዳይ ገበያ እስከ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ፈላጊ ያለውን ጫት መምረጡ እንደ ስንፍና ሊቆጠር አይገባም፤ ነፃ ገበያ ያስተማረው ስሌት ነው። ፋብሪካውን የሸጠው መንግሥት በ1999 ዓ.ም. በሐረር፣ በይርጋ ጨፌና በሲዳሞ ቡናዎች ስም ላይ ያለውን የንግድ ምልክት ባለመብትነት በሚመለከት ከቡና ሻጩ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ መስማማቱም፣ ገበያ ያለ ሕግና ያለ ተደራዳሪ መንግሥት ለአምራቹ ብዙ እንደማያስተርፍለት ያመለክታል።

ሽያጩ ያልነካው መሬትና ቤት ነው። በ1967ቱ አዋጅ መሠረት ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጥተው ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን አጸና። የቀበሌ ቤት በረከሰ ኪራይ ድኻውን ከመንገድ ያወጣ መጠለያ ነው፤ የዚያኑ ያህል ግን ኪራዩ የጥገናውን ወጪ ስለማይሸፍንና ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ስለማይደፍር፣ ቤቱ በጥገና እጦት ያረጃል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጁገል ይህ ችግር ከኑሮ አልፎ የቅርስ ጥበቃ ጥያቄም ይሆናል። ሆኖም ቤቶቹን ለገበያ መልቀቅ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ነዋሪው የመግዛት አቅም ከሌለው ቤቱ ቢጠገንም የሚኖርበት ሌላ ሰው ነው።

አሁን አገሪቱ ሁለተኛውን የሽያጭ ማዕበል ጀምራለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለዜጎች አቅርቦ 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ተሽጠዋል። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፣ መሆኑ ብዙ ደመወዝተኞችን ከበር እንደመለሰ ለመገመት አያዳግትም፤ ባለቤትነት ለሕዝብ መቅረቡና በሕዝብ እጅ መግባቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

እንግዲህ የሐረር ተሞክሮ መሸጥንም አለመሸጥንም በጅምላ አይደግፍም። ፋብሪካው ሲተከልም ሲሸጥም፣ ቤቱ ሲወረስም በመንግሥት እጅ ሲቆይም፣ ውሳኔው ከከተማዋ ውጭ ተሰጥቶ ውጤቱን የተሸከመችው ከተማዋ ናት። ስለዚህ ወደፊት ለሚደረግ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ከዋጋው ጋር አብሮ ሊመረመር የሚገባው፣ ገቢው በምን ድርሻ ለአካባቢው እንደሚመለስ፣ ሠራተኛውና አቅራቢ ገበሬው አክሲዮን የሚያገኙበት መንገድ መኖሩ፣ ገዢው መልሶ ሲሸጥም ውድድርን የሚጠብቅ ሕግ መኖሩ ነው። እነዚህ በውሉ ካልሰፈሩ፣ ባለቤቱ መንግሥትም ሆነ ኩባንያ፣ የአካባቢው ሕዝብ በገዛ አገሩ ሀብት ላይ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።