ከባሕር በታች ስለሚነሣ ፎቶግራፍና ስለ እውነተኛው ቀለም
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፎቶግራፍ አይዋሽም ሲባል እንሰማለን። ካሜራ ይዞ ወደ ባሕር ለጠለቀ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቀዩ ዓሣ ጠቁሮ ይወጣል። ጠልቆ ሳለ ጣቱ የተቆረጠ ሰው እንኳ የገዛ ደሙን አረንጓዴ ሆኖ ያየዋል።

ምክንያቱ የውሃው ጠባይ ነው። የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለም ድብልቅ መሆኑን በፊዚክስ ተምረናል። ውሃ ከነዚህ ቀለሞች አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው። ቀይ ብርሃን በንጹሕ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ሲሄድ ከመቶ 30 ያህሉ ይጠፋል፤ 10 ሜትር ሲደርስ የሚቀረው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። ከሰማያዊው ግን በዚያው ርቀት ከመቶ 90 ያህሉ ይተርፋል። (ይህ ለጠራ ውሃ ነው፤ እንደ ላንጋኖ ያለው ቡናማ ውሃ ሰማያዊውንም አይምርም።)

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 የዓሣ ሊቁ ዊሊያም ሎንግሊና ፎቶግራፍ አንሺው ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ አጠገብ፣ በድራይ ቶርቱጋስ ደሴቶች፣ የመጀመሪያውን ባለቀለም የባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ አነሡ። ብርሃን ለማግኘት በውሃው ላይ በተንሳፈፈ መደብ የማግኔዚየም ዱቄት ያቃጥሉ ነበር፤ ሥራው እጅግ አደገኛ ነበር። ፎቶግራፉ በ1927 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ።

የዛሬው ጠላቂ ፍላሹን ይዞ ይወርዳል። ይሁን እንጂ የፍላሹ ብርሃን ሄዶ እንደሚመለስ ብዙ ሰው ይዘነጋል። ዓሣው 1 ሜትር ቢርቅ ብርሃኑ የሚጓዘው 2 ሜትር ነውና ከቀዩ ግማሹ ብቻ ይመለሳል፤ 2 ሜትር ቢርቅ ሩቡ። ስለዚህ ከምክር ኹሉ የሚበልጠው «ቅረብ» የሚለው ነው። ቀይ ማጣሪያ መስታወትም ሌላውን ቀለም ይቀንሳል እንጂ የጠፋውን ቀይ አይፈጥርም።

በ2019 ደርያ አካይናክና ታሊ ትሬቢትስ ሲ-ትሩ የተባለ የኮምፒዩተር ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው በሥዕሉ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ይዞ፣ ውሃው የወሰደውን ቀለምና ውሃው የጨመረውን ጭጋግ ለየብቻ ያሰላል።

«ጠላቂው ያየው ሰማያዊ ከሆነ ቀይ አድርጎ ማሳየት ውሸት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጠላቂው ምን አየ ማለትና የዓሣው ቆዳ ምን ዓይነት ነው ማለት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ለሁለቱም መልስ አለ። እኔ የምቃወመው እቤቱ ተቀምጦ፣ ሥዕሉ ዓይን እስኪስብ ድረስ ቀዩን እንደ ልቡ የሚጨምረውን ነው። ኮራል የተባለው የባሕር እንስሳ ቀለሙን በብዛት የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያጣል፤ ይነጣል። በ1998ና በ2016 በብዙ ባሕሮች የደረሰው ይኸው ነው። ተመራማሪዎች የዛሬውን ሥዕል ከዓመታት በፊት ከተነሣው ጋር ያስተያያሉ፤ አንዱ በሰው ምርጫ ከተቀባ ግን የታመመው ኮራል ጤነኛ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የቀለም መለኪያ ካርድ ከኮራሉ ጎን ይቀመጥና አብሮ ይነሣ፤ የመጀመሪያው ሥዕልም ሳይነካ ይጠበቅ። ካርዱ የሥዕሉን ውበት ያበላሻል ይላሉ፤ ያበላሸው።