አስተማሪ ራሱንም ይጠይቅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የመምህርነትን ሙያ ለማወደስ አይደለም፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል። የመጣነው ለማስተማር ልምምድ በሄድንበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሠራነውን ስሕተት ልንነግራችሁ ነው።

አራት ሆነን የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ እናስተምር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። እኛ ያስተማርናቸውም ልጆች በአማርኛ ሲማሩ የኖሩ ስለ ነበሩ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ከብዷቸው ነበር።

ከነሱም መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። ደብተሯ ንጹሕ፣ ስሌቷም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስትጠየቅ አንደበቷ ይተሳሰራል። በመጀመሪያው ሳምንት እንግሊዝኛው አልወጣ ቢላት ጓደኞቿ ሳቁባት። እኛም አዘንላት፤ ዳግመኛ እንዳታፍር ብለን ተመካክረን እሷን መጠየቅ ተውን። ይህንንም ደግነት ነው ብለን ልባችን ረክቶ እንተኛ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ ተከትላን መጣችና «ቲቸር፣ እኔን የማትጠይቁኝ እንደማልችል ቈጥራችሁ ነው?» አለችን። መልስ አጣን።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጠን ተወቃቀስን። በማግስቱም ከእኛ አንዱ ከኋላ ተቀምጦ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍ ተባለ። በ40 ደቂቃ ውስጥ 22 ጥያቄ ጠየቅን፤ 17ቱ በፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ላሉት ነበሩ። ለካስ የተዘለለችው እሷ ብቻ አይደለችም! ያ ወረቀት ባይጻፍ ኖሮ ክፍሉን ሁሉ በእኩል ዓይን እናያለን ብለን በማልን ነበር።

አሜሪካዊቷ የፍልስፍና ምሁር ኔል ኖዲንግስ ራሷ ሒሳብ ያስተማረች ሰው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምታስረዳው፣ እንክብካቤ በሰጪው ስሜት ብቻ አይፈጸምም፤ ተቀባዩ እንክብካቤ መሆኑን ዐውቆ ሲቀበለው ነው የሚፈጸም። እኛ ርኅራኄ ብለን የላክነው ነገር ለልጅቱ የደረሳት ንቀት ሆኖ ነው። ልባችን ቅን መሆኑ ብቻ አልበቃም፤ ምን እንደ ደረሳት መጠየቅ ነበረብን።

ይህ ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ፊታቸው አቅርበው ንባቡን ይሰሙታል። አለንጋውን እንተወው፤ ማዳመጡን ግን ስለምን እንተዋለን?

«60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ በዚህ ደመወዝ፣ ይህን ማን ይችላል?» የሚለን አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኛም የተማሪውን ቍጥር መቀነስ፣ ደመወዙንም መጨመር አንችልም። ሆኖም ማታ ዐሥር ደቂቃ ወስዶ «ዛሬ ማንን ጠየቅሁ? ማንን ዘለልሁ? ለምን?» ብሎ በደብተር መጻፍ ይቻላል። ብቻውን የሚያስብ ሰው ለራሱ ስለሚያደላ፣ ደብተሩን ለባልደረባ ማሳየት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ልጅቱንም ምን እንደሚሻላት ጠየቅናት። በመጀመሪያ አጠገቧ ካለችው ልጅ ጋር በአማርኛ እንድትነጋገር፣ ከዚያም ወጥታ በሰሌዳው ላይ እንድትሠራ እንድንፈቅድላት ለመነች። ፈቀድን። እንግሊዝኛዋ በቀሩት ሳምንታት አልተቃናም፤ እጇን ማውጣት ግን ጀመረች። ይህን ዘዴ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሷ ነው።

በመጨረሻም ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። ልምምዳችንን ልታዩ ስትመጡ ማርክ ሰጥታችሁ ብቻ አትሂዱ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ «ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁን። እኛም ተማሪዎች ነንና፣ ካልተጠየቅን የተተውን ይመስለናል።