የሩቅ ባሕር ሙቀትና የእኛ ማሳ
(በመቻራ ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ)



የ2007 ዓ.ም. ክረምት አይረሳንም። ዝናቡ ተቆራረጠ፤ ብዙ ማሽላ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የምግብ እርዳታ የሚሹት ከ10 ሚሊዮን በለጡ፤ ምዕራብ ሐረርጌም ክፉኛ ከተጎዱት ዞኖች አንዱ ነበር።

መነሻው ሩቅ ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ። በደህናው ጊዜ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የሞቀውን የባሕር ውሃ ወደ እስያ ይገፋዋል። ነፋሱ ሲደክም የሞቀው ውሃ ወደ ምሥራቅ ይሰፋል፤ ይህ ኤልኒኖ ይባላል። አየር ከሞቀ ውሃ ላይ ተነሥቶ ደመና ስለሚሠራ፣ የሙቀቱ ቦታ ሲቀየር የነፋሱም መንገድ ይቀየራል። ያኔ የክረምት ዝናባችንን የሚያመጣው እርጥብ ነፋስ ይዳከማል። ተቃራኒው ላኒና ለክረምት ብዙ ጊዜ ደህና ቢሆንም፣ የቦረናንና የሶማሌን የመስከረም–ኅዳር ዝናብ ያሳጥራል።

የህንድ ውቅያኖስም ድርሻ አለው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፍሪካ በኩል ያለው ውሃ ከወትሮው ሞቀ፤ ዝናቡ በመኸር መሰብሰቢያ ወቅት በረታ፤ የበረሃ አንበጣም ተመቸው።

የዓለም ሙቀት መጨመር ምን ያመጣል? ከትርፉ ሙቀት ከመቶ 90 ያህሉን የሚውጠው ባሕር ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል። ስለዚህ ዝናብ ሲጠፋ ማሳው ፈጥኖ ይደርቃል፤ ሲዘንብ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈሩን ያጥባል።

ኤልኒኖ መጣ ማለት ድርቅ ግድ ነው ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ግን ይጨምራል። እንግዲህ፦

1. ከመዝራታችሁ በፊት የሚቲዎሮሎጂን የወቅት ትንበያ ከልማት ሠራተኛ ጠይቁ።
2. በልግ ከዘገየ ማሳውን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ማሽላ አትስጡ። ለቦታችሁ የሚስማማውን ፈጥኖ ደራሽ ዘር፣ ለምሳሌ በቆላው መልካም ማሽላን ወይም መልካሳ 2 በቆሎን፣ ከመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ተማከሩበት።
3. እርከን ጠግኑ፤ በቦዩ ውስጥ በየመሀሉ አፈር ደፍናችሁ ውሃ አቁሩ።
4. ትንበያው ካስጋ መኖ አስቀምጡ፤ የምትሸጡትን ከብት ሳይከሳ ሽጡ።

ጎረቤት ከእኛ ንግግር ይልቅ የእናንተን ማሳ ያምናል። እናንተ ዘራችሁን በጊዜ ከቀየራችሁ ቀበሌው ይከተላል።