አንድ ቤት ስንት ሥራ ይሠራል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገው ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ድሮ ቤቶች ጥቂት ይንገሩን» ብሎ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት በምክንያት ነው። በቅርቡ የልጅ ልጄ «አባባ፣ የተወለድክበት ቤት የት ነው?» አለኝ። ፒያሳ ነበር አልኩት። «እስቲ ፎቶውን አሳየኝ» አለ። የለኝም።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነበር። መጀመሪያ እናቴ ጠጅ ጥላ ትሸጥበት ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የጓሮዎቹ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። ኋላም ልብስ ሰፊ ገባበት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እሱም አብሮ ሄደ። ይኸ ሁሉ ታሪክ ያለው በእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው።

የትልቅ ቤት ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ለምሳሌ ስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑልን እንውሰድ። ዛሬ ልጆቻችን «ዩኒቨርሲቲ» ብለው የሚያውቁት ነው።

ቤቱ በ1920ዎቹ አጋማሽ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያነት ተሠራ። ብዙ ሳይቆይ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሡ ተሰደዱ፤ ቤቱም የጣልያን እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚያው ግቢ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ በሰበሰበ ጊዜ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማችን ላይ የደረሰውን እልቂት አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ይናገራል።

ጣልያኖች እዚያው ግቢ አንድ ደረጃ ሠርተው ነበር። ወደ የትም አያደርስም፤ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት ይቆጥራል። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ይፍረስ ማለት ቀላል ነበር። አልፈረሰም። ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ይኸ ነው። ጠላት ቆጥሮ ቆጥሮ የሠራው ደረጃ የእኛ አንበሳ መቆሚያ ሆኖ ቀረ!

ቤቱ እንደገና ቤተ መንግሥት ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮችና መኳንንት የታሰሩት በዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነበር። ሙከራው ሲከሽፍ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ብዙዎቹ እዚያው በጥይት ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተከፈተ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. እዚያው ተቋቋመ፤ ሙዚየሙም ቤቱ ውስጥ ሆነ፤ የንጉሡና የእቴጌ መነን መኝታ ቤት ለጎብኚ ዕይታ በቃ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ንጉሡ ከሰጡት ከዚያው ግቢ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ስም ተለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። መኖሪያ፣ የጠላት ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ መንግሥት፣ እስር ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሙዚየም። ይኸ ቤት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይኸን ሁሉ ሠራ። ታዲያ ለምን ቆመ? አንደኛ፣ ባዶውን አልተተወም፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ ሌላ ተሰጠው። ሁለተኛ፣ ክፉውም ደጉም ተጻፈለት።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። «ነፋስ ስልክ» ማለት ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ስንቱ ልጃችን ይኸን ያውቃል? ከመካከላችንስ ስንቱ ነው ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሰንጋ ተራ፣ ከልደታ ተነሥቶ የመጣው? እያንዳንዳችን አንድ የፈረሰ ቤት ይዘን ነው እዚህ የገባነው። ቤቱን መመለስ አንችልም። ታሪኩን ግን ሳንጽፈው ከሞትን ሁለተኛ ጊዜ ያፈረስነው እኛው ነን።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይኸ ነው። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ትልቅ መዝገብ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ገጽ ይሙላ፤ ቤቱን ማን ሠራው፣ ምን ምን ሥራ ተሠራበት፣ እነማን ኖሩበት፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ፎቶ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ኪራይ ደብተር ያላችሁ ኮፒውን አምጡ፤ ዋናው ከእናንተ ጋር ይቆይ። መጻፍ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ወጣቶቻችን እየጠየቁ ይጻፉላቸው። ልጆቹም በዚያው ይማራሉ።

እኔ የእናቴን ቤት ጽፌ አምጥቻለሁ። ፎቶ ስለሌለኝ በእርሳስ ሞክሬዋለሁ፤ የጠጅ ቤቱ በር ትንሽ ጠሟል። የመጀመሪያው ገጽ እሱ ይሁን።